አታቀብሉት፦ ከሚሴ የሰነበትኩበት ሳምንት

ከከሚሴ ስመለስ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ የጠበቀኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ሙቀቱ ነበር። ሁለተኛው ስለ ማንጎው። የሄድኩበትን ጉዳይ የጠየቀኝ ሰው የለም። ደብረ ብርሃን ተወልዶ፣ እዚሁ ተምሮ፣ እዚሁ የሚያስተምር ሰው፣ አንድ መምህርት ቆላ ወርዳ የምትመጣው ፍራፍሬ ልትሸምት ብቻ ይመስለዋል። ስለዚህ ልጻፈው። ከጣርማበር ወዲያ ወርዳችሁ የማታውቁ፣ ሹራባችሁን ሳታወልቁ እዚያው ተቀምጣችሁ አንብቡት።

የሄድኩት ለዘይነባ ብዬ ነው። ዘይነባ ከሚሴ ውስጥ በአንድ አነስተኛ ኮሌጅ የእንስሳት ጤና ታስተምራለች። ባለፈው ክረምት እኛ ኮሌጅ ለስልጠና መጥታ ነበር፤ አሰልጣኟ እኔ ነበርኩ። ሰው እንዴት እንደሚማር በሳይንስ የታወቀውን ወደ ተራው የዕለት ክፍል ማውረድ፣ ነገሩ ይኸው ነበር። ተማሪ ያነበበውን ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ ደብተሩን ዘግቶ ከራሱ ጭንቅላት ሲያወጣው ይጸናለታል። የተማረውን በማግስቱ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከወር በኋላ መልሶ ሲጠየቅ ደግሞ የበለጠ። ማርክ የሌለው አጭር ጥያቄ በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ላይ አድርጉ አልኳቸው። ከሰልጣኞቹ ግማሹ ስልኩን ሲነካካ ዋለ። ዘይነባ ግን የሰማችውን ይዛ ሄዳ በሳምንቱ ሥራ ላይ አዋለችው።

ከዚያ አንድ ቀን ደወለች። ተማሪዎቿ ዲኑ ቢሮ ገብተው አቤት ብለዋል። አቤቱታቸውም አጭር ነበር፦ «ቲቸር ዘይነባ አታስተምርም፣ ትጠይቃለች።» ዲኑም ቀን ቆረጠላት። በሚቀጥለው ማክሰኞ ክፍል ገብቶ ያያል፤ ጥቅሙ ካልታየው ኮርሱን ለሌላ መምህር ይሰጠዋል፣ ጥያቄውም ይቀርና ሃንድአውት ማንበቡ ይቀጥላል። ተማሪዎቹ ዓመቱ ሲያልቅ የብቃት ምዘና ይቀመጣሉ። ከእነሱ በፊት የነበሩት ሃንድአውቱን ሲያነቡ ከርመው አብዛኞቹ ወድቀዋል።

«እመጣለሁ» አልኳት። እሳቱ ውስጥ የከተትኳት እኔ ሆኜ ከሩቅ ልሰማ አልችልም። እልኸኛ መሆኔን የሚያውቀው ባለቤቴ እንኳ «መንገዱ ሰላም መሆኑን ብቻ ጠይቂ» ብሎ ተወኝ።

ሐሙስ

ከደብረ ብርሃን የተነሳሁት ካፖርት ለብሼ፣ ከውስጡ ሹራብ ደርቤ፣ አንገቴን በሻርፕ ጠምጥሜ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ሁላችንም እንደዚያው ነበርን። ጣርማበር ዋሻውን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር የፊተኛው ወንበር ላይ ያለው ሰው ሻርፑን ፈታ። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዝተን ካፖርቴን አወለቅኩ። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሹራቡም ወለቀ፤ የማስቀምጥበት ቦታ አጥቼ ጉልበቴ ላይ ጠቅልዬ እንደ አራስ ልጅ አቅፌው ሄድኩ።

አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ የእህል ነጋዴ ናቸው፤ ወደ ቤታቸው ወደ ከሚሴ እየተመለሱ ነበር። የት እንደምሄድ፣ ማንን እንደምፈልግ፣ ልጆቼ ስንት እንደሆኑ ጠይቀው ሲያበቁ «ባዶ እጅሽን አትግቢ፣ አንድ ቃል ልስጥሽ» አሉኝ። የሰጡኝ የኦሮምኛ ምስጋና ነው፦ «ገለቶማ፣ ረቢ እስኒ ሃ ኬኑ»፤ አመሰግናለሁ፣ ፈጣሪ ይስጣችሁ እንደ ማለት። እስከ ከሚሴ ድረስ አስር ጊዜ ደገምኩት። «አወቅሽው፣ ማሻአላህ» አሉኝ። እኔም ያወቅኩት መሰለኝ።

ከሚሴ ዋናው አስፋልት ላይ ስወርድ አንድ ወጣት ሻንጣዬን ብድግ አድርጎ ይዞት ሄደ። «ሌባ!» ልል አፌን ስከፍት ባጃጅ ውስጥ አስቀምጦልኝ ሲመለስ አየሁት። ነጂው አይደለም፤ እንዲሁ መንገደኛ ነው። አፈርኩና ላመሰግነው «ገለቶማ፣ ረቢ...» አልኩ። ጠፋኝ። ማሰብ ሳልጀምር እሱ፣ የባጃጁ ነጂ እና ካርድ የምትሸጥ አንዲት ሴት ባንድ ድምፅ «እስኒ ሃ ኬኑ!» ብለው ጨረሱልኝና ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ደብረ ብርሃን ላይ ብሆን አንዱ ስህተቴን እያየ ዝም ይለኝ ነበር፣ ሌላው መንገዱን ይቀጥል ነበር። ደግ አገር ነው ብዬ ልቤ ሞቀ።

ያረፍኩት መንገድ ዳር ባለች ፔንሲዮን ነው። አጎበር ተሰቅሎልኛል፤ እኛ ጋ ወባ የለምና አጎበር አያያዝ አላውቅም። ልገባ ስስበው ከነሚስማሩ ወርዶ ተጠመጠመብኝ። ባለቤቷ ድምፄን ሰምታ መጥታ፣ እንደ ተያዘ ዓሣ ስፈራገጥ አግኝታ አወጣችኝ። «አብሽሪ፣ አብሽሪ የኔ ዓለም» እያለች ራሷ ሰቅላ፣ ራሷ አስገብታ፣ ዳር ዳሩን ፍራሹ ስር ወትፋልኝ ሄደች። እንዴት እንደሚሰቀል ግን አሁንም አላውቅም።

ዓርብ

ጠዋት ዘይነባ መጥታ ወሰደችኝ። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ዓይኖቿ እንቅልፍ ያጡ ናቸው። «አንቱን ማስቸገሬ» ስትል አቋረጥኳትና «ክፍሉን አሳዪኝ» አልኳት።

ዲኑ አቶ ሰይድ በሩ ላይ ተቀበለን። ክፉ ሰው ይሆናል ብዬ ነበር የመጣሁት። አይደለም። ወንበር በእጁ ተሸክሞ አመጣልኝ፣ ውሃ አስመጣልኝ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ «እኔ የምፈልገው ልጆቹ እንዲያልፉ ነው» አለኝ። «ሲከፋቸው ደግሞ ዝም ብዬ ማየት አልችልም። ማክሰኞ ገብቼ አያለሁ።» ሄደ። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ክፍሉ ሞልቷል። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። ዘይነባ በስልጠናው እንዳልኩት ደብተር አዘግታ ባለፈው ሳምንት ስላዩት ስለ ሆድ መነፋት መጠየቅ ጀመረች።

«ላም ሆዷ ሲነፋ በየትኛው ጎኗ ይታያል? ጀማል።»

ጀማል ተነሳ። ከሁሉም በዕድሜ ይበልጣል፤ የሁለት ልጆች አባት ነው፣ ሰንበቴ አካባቢ ከብት ሲያረባ ቆይቶ ነው የተመዘገበው። ተነስቶ ትንፋሽ እንኳ ሳይወስድ ከኋላው «በግራ!» አሉ። ከጎኑም አሉ።

«በግራ ነው ቲቸር።»

«ጎበዝ! ለምን በግራ ሆነ? ምክንያቱም ትልቁ ጨጓራዋ የሚገኘው በ...?»

«...ግራ!» አለ ክፍሉ በሙሉ።

«ቱቦ አስገብተን ጋዙ ካልወጣ የያዘው ምንድን ነው? አረ...?»

«...ፋ!»

እንዲህ እያለ ሰዓቱ አለቀ። ክፍሉ ደስ ይላል፣ ሁሉም ይሳተፋል፣ ማንም አልወደቀም። እኔን ግን አላበኝ፤ ሙቀቱ ብቻ አይደለም። አላስችል ብሎኝ ብድግ አልኩና ቁራጭ ወረቀት አደልኩ። ስም አይጻፍም፣ ማርክ የለውም፤ አሁን የመለሳችኋቸውን ጥያቄዎች ብቻችሁን መልሱ አልኳቸው። የሰበሰብኩት አብዛኛው ባዶ ነበር። አንዱ «አውቀዋለሁ ግን አልመጣልኝም» ብሎ ጽፏል።

ዘይነባ ወረቀቶቹን አይታ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠች። «አሁን እኮ ሁሉም መልሰውት ነበር!»

«ማንም አልመለሰም» አልኳት። «አንቺ ሙሉውን ትሰጫቸዋለሽ፣ እነሱ ጅራቱን ይይዛሉ። የተነሳውም ልጅ ሳያስብ ያቀብሉታል። የሰሙትን መልስ የሚያውቁት ይመስላቸዋል፤ ጭንቅላታቸው ግን ምንም አልሠራም።»

ውጭ ስወጣ ጀማል ይጠብቀኛል። «ቲቸር፣ አቤቱታውን ያስተባበርኩት እኔ ነኝ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ራሴ ልንገርሽ ብዬ ነው» አለኝ። «ቲቸር ዘይነባን ጠልቼ አይደለም ወላሂ። በዚህ ዕድሜዬ በልጆች ፊት ቆሜ አፌ ሲያያዝ፣ ያ ነገር ይከብደኛል። እነሱም ያውቁታል። አዝነውልኝ ነው የሚያቀብሉኝ።»

ጁምዓ ደርሶ ተለያየን። ቀኑን ሙሉ ንግግሩ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ማታ የዘይነባ እናት እማማ ፋጡማ «እንግዳ ሆቴል አያድርም» ብለው ሻንጣዬን ከፔንሲዮኗ አስወጡት። ዓርብ መሆኑን ከእኔ በፊት አስበውበታል፤ የጾም ሽሮ ከማሽላ እንጀራ ጋር ቀረበልኝ። ቅቤ ነክቶት ይሆናል ብዬ እንዳልጠራጠር ድስቱ አዲስ መሆኑን በእጃቸው አንኳኩተው አሳዩኝ። ላመሰግናቸው «ገለቶማ፣ ረ...» ስል እሳቸው፣ ዘይነባ እና ታናሽ እህቷ ጨረሱልኝ።

ቅዳሜ

ዶሮ ተገዛ። የሚያርደው ሰው ግን ተፈለገ፤ እማማ ፋጡማ ጎረቤታቸውን አቶ ተክሌን አስጠሩ። አቶ ተክሌ ክርስቲያን ናቸው፤ ለእኔ ሲባል ቢላቸውን ይዘው መጥተው፣ አርደው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ «ለእኔም እንግዳ ሲመጣብኝ ሼህ አሕመድ ናቸው የሚያርዱልኝ» ብለውኝ ሄዱ። እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ነገር ለማሰናዳት ስብሰባ ይጠራል። እዚህ ማንም ቁም ነገር አላደረገውም።

ከምሳ በኋላ ከዘይነባ ጋር ተጣላን። ብዙም ባይሆን ተጣላን።

«ስትጠይቂ ዝም በይ» አልኳት። «ጠይቂና ጠብቂ። የተነሳው ልጅ ይጨነቅ፤ ሲጨነቅ ነው የሚማረው።»

«ለእርስዎ ቀላል ነው። እኛ ጋ ሰው ሲጨነቅ ቁጭ ብሎ ማየት ነውር ነው። ወድቆ አይቶ እንደማለፍ ነው።»

«ታዲያ ስልጠናው ላይ ምን ብዬሽ ነበር?»

«ብለውኝ ነበር። ማድረግ ግን አልቻልኩም! አፌ ቀድሞኝ ይወጣል። የጀማልን ፊት አይተውታል እኮ!»

አይቼዋለሁ። ለዚህ ነው የተናደድኩት። እኔ ይዤው የሄድኩት ዘዴ የተሠራው ማንም ለማንም ለማይጨነቅበት ክፍል ነው። እኛ ጋ ተማሪ ሲያቅተው ሌላው መስኮት ያያል፤ መጠበቅን ማስተማር አላስፈለገኝም። እዚህ ዘዴውን የሚያፈርሰው ስንፍና ሳይሆን ደግነት ነው። ደግነትን ደግሞ ተዉ ብዬ ልሰብክ አልመጣሁም፤ የእማማ ፋጡማን ዶሮ በልቼ! ግን ማክሰኞ እየመጣ ነው።

እሑድ

አእምሮዎ ይፍታታ ብላ ዘይነባ ሰንበቴ ገበያ ወሰደችኝ። እኛ ጋ የከብት ገበያ ማለት በግ ነው፤ እዚያ ግን ፍየል ነው የሚገዛው፣ ግመልም ከላይ ሆኖ ያያችኋል። ከአፋር ወገን የመጡት ሰዎች ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ የደጋዎቹ ነጋዴዎች ይጎነበሳሉ፤ አቧራው ሁሉንም አንድ መልክ ይሰጠዋል።

ግመሉን እያየሁ ስሄድ የፍየል ገመድ እግሬን ጠለፈኝና ተዘረርኩ። አንዲት ባለፍየል ሴት ብድግ አደረገችኝ። በአንድ ክንዷ ግልገል ታቅፋለች፣ በሌላው ቀሚሴን ታራግፍልኛለች፤ የእናቲቱን ገመድ ደግሞ በጥርሷ ነክሳዋለች።

«ገለቶማ፣ ረቢ...» አልኩ። ጠፋኝ።

ሴትዮዋ ዓይኗን ከዓይኔ አልነቀለችም። ልትረዳኝ እንደፈለገች ፊቷ ላይ ያስታውቃል፤ ቅንድቧ ይነሳል ይወርዳል። ግን ገመዱ አፏ ውስጥ ነው። ዘይነባ ከኋላ እየሮጠች ገና አልደረሰችም። ሴትዮዋ ጠበቀች። እኔም ቆምኩ። ውስጤን ፈለግኩ፣ አጣሁ፣ ደግሞ ፈለግኩ፣ የሽማግሌው ነጋዴ ድምፅ መጣልኝ።

«...እስኒ ሃ ኬኑ!»

«አሚን!» ብላ ሳቀች ሴትዮዋ። አፏን ስትከፍት ገመዱ ወደቀ፣ ፍየሏም በረረች። ያ ረድፍ በሙሉ ፍየል ሲያሳድድ እኔ አቧራው መሃል ቆሜ የራሴን ቃል እደግማለሁ። ስንቱ ደግ ሰው ሲያቀብለኝ ሰንብቶ ያልያዝኩትን አፏ የተያዘ ሴት ሰጠችኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ አንድም ጊዜ አልጠፋኝም፤ አሁን ስጽፍም ሳላስብ ነው የምጽፈው።

ፍየሏ ተይዛ፣ ይቅርታ ተጠያይቀን፣ ባጃጅ ውስጥ ስንገባ ለዘይነባ ነገርኳት። እሷም «ገመድ ላጎርሳቸው አልችልም» አለች። ሳቅን። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

«እትዬ፣ ቤታችን ዱዓ ሲደረግ ሼኩ መሃል ላይ ትንፋሽ ለመውሰድ ይቆማሉ። አንዳንዴ ብዙ ይቆማሉ። ሁላችንም ቀጥሎ የሚመጣውን እናውቀዋለን። ግን ማንም አይሞላላቸውም። እጃችንን ዘርግተን እንጠብቃለን።»

«ለምን?»

«ነውር ነዋ! የሳቸው ነው፣ እንዴት ይነጠቃሉ?»

መንገዱን ሁሉ ስለዚህ ስናወራ መጣን። መጠበቅ እንደሚያውቁ አላየሁም ነበር፤ የማውቀው አንዱን ደግነታቸውን ብቻ ነበር።

ሰኞ

ሰኞ የባቲ ገበያ ነው። ዘይነባ ልታሳየኝ ቃል ገብታልኝ ነበር፤ ቀረ። ባቲን እስካሁን አላየሁም፤ ስለ ባቲ የምትጠይቁኝ ካላችሁ ሌላ ሰው ጠይቁ።

በባቲ ፈንታ ክፍል ገባን። ዘይነባ ጥያቄ ከመጠየቋ በፊት ቆማ አናገረቻቸው።

«ሼህ ዱዓ ሲያደርጉ ትንፋሽ ሊወስዱ ቢቆሙ ማን ይሞላላቸዋል?»

ክፍሉ ሳቀ። «ማንም!»

«ባያስታውሱት ነው ብላችሁ ብታዝኑላቸውስ?»

«ኧረ ነውር ነው ቲቸር!»

«ጀማል ሲቆምስ ለምን ትሞሉለታላችሁ? የማሰቢያው ጊዜ የሱ ድርሻ ነው። ስታቀብሉት ድርሻውን ትነጥቁታላችሁ። ምዘናው ቀን ማንኛችሁም አጠገቡ የላችሁም። በረት ውስጥ ሆዷ የተነፋ ላም ፊት ሲቆምም የላችሁም። እኔም ራሴ ስነጥቃችሁ ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ ትቻለሁ። ማዘን ካማራችሁ በመጠበቅ እዘኑለት።»

አንዱ ተማሪ «እንደ ዱዓው እጃችንን እንዘርጋ?» ብሎ ቀለደ። «ዱዓ ዱዓ ነው፤ እናንተ እስክሪብቶ አስቀምጡ» አለችው።

ደንቡም ይኸው ሆነ። ጥያቄው ይጠየቃል፤ ሁሉም በየራሱ ይጽፋል፤ እስክሪብቶ ይቀመጣል፤ ከዚያ አንድ ሰው ይነሳል። ያልቻለ «ቆዩኝ» ማለት ይችላል። ተሳስቶ የጨረሰ ሰው ከስህተቱ ጋር አይተውም፤ ከጨረሰ በኋላ ይታረማል፣ ያኔ እገዛው እንደ ልብ ነው።

በአፍ ሲነገር ቀላል ነው። ሲጀመር ግን ክፍሉ በሥቃይ ተንቆራጠጠ። ሰዓዳ የምትባል ፈጣን ልጅ አለች፤ ዓርብ ዕለት ከሁሉ ቀድማ የምታቀብለው እሷ ነበረች። አፏ አልታዘዝ ሲላት የሻሽዋን ጫፍ ነከሰች። ሌላው ጭንቅላቱን ጠረጴዛው ላይ ደፋ። ዘይነባ ጀርባዋን ለሰሌዳው ሰጥታ ጣቶቿን ታፍተለትላለች። መጀመሪያ የተነሱት ተሳሳቱ። ቀጥሎ የተነሳችው ልጅ ረጅም ዝም ብላ ቆይታ ከወር በፊት የተማሩትን የቁስል ማጠቢያ ቅደም ተከተል አንድ በአንድ አወጣችው፤ ስትቀመጥ ጓደኞቿ አጨበጨቡ። ጀማል ሲነሳ ግን «ቆዩኝ» አለ። ቆዩት። «አልመጣም» ብሎ ተቀመጠ፣ ፊቱም ጠቆረ። የሚቀጥለው ቀን አስፈራኝ።

ማታ እማማ ፋጡማ ስሄድ የምለውን አስተማሩኝ፦ «ነጋን ቱራ»፣ በሰላም ቆዩ። አንዴ ነው ያሉኝ፤ እንዳይደግሙልኝ ዘይነባ ከለከለቻቸው። «እሳቸው ያምጡት እናቴ።» እሳቸውም «ምን ዓይነት ጭካኔ ነው የመጣብን!» ብለው አጉረመረሙ።

ማክሰኞ

አቶ ሰይድ ክንዱን አጣምሮ እኔ አጠገብ ኋላ ተቀመጠ። ዘይነባ የያዘችውን ጠመኔ ሁለቴ ጣለች። እኔ ደግሞ ለማንም መምህር እንደዚያን ቀን ጨንቆኝ አያውቅም።

የመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች አልፈው ወደ ሆድ መነፋት ተመለሰች። ሁሉም ጻፉ፣ እስክሪብቶ አስቀመጡ።

«ላሟ በግራ ጎኗ ተነፍታለች። ቱቦ አስገባህ። ጋዙ አልወጣም። ምን አገኘህ ማለት ነው፣ ምንስ ታደርጋለህ? ... ጀማል።»

ሌላ ሰው በጠራች! ብዬ በውስጤ ጮህኩ። እሷ ግን አውቃ ነው የጠራችው፤ በዓይኗ አየሁት።

ጀማል ተነሳ። ዝም አለ። አስፋልቱ ላይ አንድ አይሱዙ አለፈ፣ ድምፁ ራቀ፣ ጠፋ። ጀማል ዝም እንዳለ ነው። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። ሰዓዳ ሻሽዋን ነክሳለች። ዘይነባ ከንፈሯን ገጥማ ቆማለች። አጠገቤ አቶ ሰይድ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ፤ አንዴ ተጠጋ፣ አንዴ ተመለሰ፤ በመጨረሻ አላስቻለውም። ጎንበስ አለና በለሆሳስ፦

«አረ...»

«ጋሼ፣ ይተዉት!» ሰዓዳ ዞራ ጮኸች። ሻሹ ከአፏ ወድቋል። «አያቀብሉት፣ ድርሻው ነው!»

ክፍሉ በሙሉ ወደ ዲኑ ዞረ። አቶ ሰይድ አፉን ገጠመ። እጁን አፉ ላይ አደረገ፣ እንደዚያው ይዞት ቆየ።

ጀማልም ሳቀ። ዓርብ ያየሁት ፊት አልነበረም። ትከሻው ወረደ፣ ዓይኑን ወደ ጣሪያው አነሳና እንደገና ፈለገ።

«ሆመቻ ነው» አለ። «ሆመቻ... በአማርኛ... ቆዩኝ።» ቆዩት። «አረፋ። ጋዙ አረፋ ውስጥ ተይዟል፣ ስለዚህ በቱቦ አይወጣም። ቱቦውን ደጋግሜ ብከት ምንም አላገኝም። ዘይት በቱቦው አጠጣታለሁ። ዘይቱ አረፋውን ይሰብረዋል፣ ጋዙ ይለያል፣ ያኔ ይወጣል።» ትንሽ ቆመና ጨመረ። «እርጥብ ለጋ ሳር በባዶ ሆዷ ያበላት ማን እንደሆነም እጠይቃለሁ።»

የክፍሉን ጩኸት ልጽፈው አልችልም። ጀማል ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ዘይነባ ወደ ሰሌዳው ዞራ ምንም ያልተጻፈበትን ሰሌዳ ማጥፋት ጀመረች። እኔም አለቀስኩ፤ ይህን ለባልደረቦቼ አልተናገርኩም፣ እዚህ ግን ይጻፍ።

አቶ ሰይድ ተነሳ። ዘይነባን ሳይሆን ጀማልን ነው ያየው። «አሁን እኔ ልጠይቅህ» አለው፣ ጥያቄውም እንዲሁ ቀላል አልነበረም፦ ያቺው ላም በቱቦ ጋዟ ቢወጣና በማግስቱ ብትነፋስ? ጀማል «ቆዩኝ» አለ። ዲኑ ጠበቀ። እግሩ ከወለሉ ጋር ሲታገል ይታየኛል፣ ግን ጠበቀ። መልሱ በግማሽ ትክክል ነበር፤ የቀረውን ዘይነባ አረመችው፣ ጀማልም ያለ ሃፍረት ደብተሩ ላይ አሰፈረው።

በሩ ላይ አቶ ሰይድ ለዘይነባ «ኮርሱ ያንቺው ነው» አላት። «ሃንድአውቱም ይሰጣቸው፣ ቤታቸው ያንብቡት። ክፍል ውስጥ ግን... ይህንኑ ቀጥዪ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ከባድ ነው እኮ። አፍ እንዴት ይያዛል?»

«ሰዓዳን ይጠይቋት» አልኩት።

ረቡዕ

መንገድ ዳር ቆመን ሚኒባስ ጠበቅን። እማማ ፋጡማ ማንጎ በፌስታል ሞልተው ሰጡኝ፤ የማረፊያ ክፍሉ ሰዎች የበሉት እሱን ነው። ካፖርቴን በክንዴ ይዣለሁ። ምዘናው ገና ነው፤ ማን እንደሚያልፍ አላውቅም፣ ዘይነባም አታውቅም። ጀማል ግን ትናንት ከሰዓት አቤቱታውን አንሱልን ብሎ ዲኑ ቢሮ ገብቷል።

ሚኒባሱ መጣ። ረዳቱ «ደብረ ብርሃን! ደብረ ብርሃን! ቶሎ በሉ!» እያለ ሻንጣዬን ጫነ። አንድ እግሬን ደረጃው ላይ አድርጌ ወደ እማማ ፋጡማ ዞርኩ።

«ነጋ...» አልኩ። ጠፋኝ።

የእማማ ፋጡማ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ቀረብ አሉ። ከዚያ ቆሙ፤ የሻሻቸውን ጫፍ አንስተው አፋቸው ውስጥ ከተቱ። ረዳቱ «እናት፣ መሄዳችን ነው!» ሲለኝ ዘይነባ እጇን አነሳችበት፦ «ቆይ! ይጨርሱ!» ሹፌሩ በመስኮት አየን፣ ሳይገባው ሞተሩን አጠፋ። ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን አውጥቶ ጠበቀኝ።

ፈለግኩ። ጊዜ ወሰደብኝ።

«...ን ቱራ» አልኩ። «ነጋን ቱራ፣ እማማ።»

እማማ ፋጡማ ሻሹን ከአፋቸው አወጡ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

«ነጋን ገሊ፣ ልጄ» አሉኝ። በሰላም ግቢ።